ከመላጣው ራስ የሚወርደው ውሃ

አላሚቶስ፣ ማርች 11 ቀን 1951

ለአበልጄ ለፕላሲዶ፣ ሳን ሂል፣ ከተራራው ወዲያ

እንደምን ከረሙ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ጥርሴም ጆሮዬም ከእኔ ጋር ናቸው። ይህን የምትጽፈው የፖስታ ቤታችን ዶኛ ኒኮላሳ ናት። እኔ እንደሚያውቁት ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም፤ ባለመቻሌም አፍሬ አላውቅም። እርስዎ በየክረምቱ ኮሎራዶ ወርደው ማዕድን ጉድጓድ ሲገቡ፣ እዚያም ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኔ እዚህ ቦይ ስጠርግ ነበር። ሰው የሚያውቀው የቆፈረውን ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዶኛ ኒኮላሳ የማን እንደሆነ ስትነግረኝ «ተሳስተሻል፣ እሱ ሞቷል» አልኳት። «የሞተ ሰው ቴምብር አይለጥፍም» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ዝም ብለው ከርመው ዛሬ ስለ በረዶ ይጠይቁኛል! ይሁን፣ ተጠይቄ የማውቀውን አልደብቅም።

በረዶው ዘንድሮ ደካማ ነው። መላጣው ተራራ በእኛ በኩል ገደል ነውና በረዶ የሚይዘው በስንጥቆቹ ውስጥ ብቻ ነው። በሌላ ዓመት በዚህ ወር ስንጥቆቹ ሞልተው ተራራው ነጭ ጢም ያበቀለ ይመስላል። ዘንድሮ ተላጭቷል። ከላይም መላጣ፣ ከታችም ተላጭ። ከኮርቻው፣ ከተራራው መሻገሪያ፣ በላይ ያለው ጨፌ ምን እንደያዘ ከዚህ አይታየኝም፤ እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። በእናንተ በኩል ተራራው ተዳፋት ነው፣ እርጉዝ ላም እንኳ ትወጣዋለች። ድሮም እናንተን ያሞላቀቃችሁ እሱ ነው።

ስለ ሚስቴ ስለ ቤኒግና ያጽናኑኛል። አመሰግናለሁ። ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። ያኔም መንገዱ ክፍት ነበር።

በሰኔ፣ በሳን ሁዋን ዕለት የውሃው በር ሲዞር እንድመጣ ላሉኝ፣ አልመጣም። እስከ ሳን ሁዋን ውሃው ለእኛ፣ ከሳን ሁዋን ወዲያ ለእናንተ፤ ሁለት ሳንቃ ለማዞር የአላሚቶስ የቦይ አለቃ አያስፈልግም። ወጣቶች እልካለሁ። እስከ ዛሬም ስልክ ኖሬያለሁ።

የክርስትና ልጄን ኤውላልያን ይሳሙልኝ። አግብታለች ይባላል። ማንን እንደሆነ አልጻፉም። ለምን አሁን እንደጻፉልኝም አልጻፉም። ይህንን ሁለተኛውን ይንገሩኝ።

ቴሌስፎሮ

(ቃላቸውን አልለወጥኩም። «ለስለስ ላድርገው?» ብላቸው «ለስለስ የሚያደርግ ወንፊት ነው፣ አንቺ ጻፊ» አሉኝ። ኒኮላሳ።)


ሳን ሂል፣ ኤፕሪል 2 ቀን

ለአበልጄ ለቴሌስፎሮ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለዶኛ ኒኮላሳም ጤና ይስጥልኝ፤ ይህን ጮክ ብለው የሚያነቡት እርስዎ ነዎትና ጨዋ ለመሆን እሞክራለሁ።

ጨፌው ግማሹን እንኳ አልያዘም። ዳር ዳሩ ላይ ጥቁር አፈር ወጥቷል። ለሁለታችንም መንደር ክፉ ዓመት ነው።

ለምን አሁን ላሉኝ፣ ሰው ሲያረጅ ደብዳቤ መጻፍ ይወዳል ብለው ይለፉት።

ለቤኒግና ቀብር ግን መጥቼ ነበር። መንገዱን ዞሬ ሳይሆን በተራራው አቋርጬ ነው የመጣሁት። ከመቃብሩ በላይ ጥዱ የሚያልቅበት ደርሼ ቆምኩ። እርስዎ ባርኔጣዎን በእጅዎ ይዘው አየሁ። ሰዉ ሲበተን እኔም ተመለስኩ። ለምን እንዳልወረድኩ አይጠይቁኝ፤ እኔም ስጠይቀው የከረምኩት ነገር ነው።

ኤውላልያ ያገባችው አንድ የሳን ሂል በግ ሸላች ነው። ዝምተኛ ነው። ለእኛ ቤት ይስማማል።

የለመንኩዎ ወደ ውሃው በር እንዲመጡ አይደለም። በሩ ላይ የሁለት መንደር ሰው ተኮልኩሎ የእኔንና የእርስዎን ፊት ሲያይ ይውላል። እኔ የምለው ከኮርቻው በላይ፣ መላጣው ራስ ላይ፣ ከድንጋዩ ክምር ዘንድ ነው። ኤውላልያ ክርስትና ሳትነሳ፣ ገና አንተ ስንባባል፣ ሁለታችን የጠፋ በሬ ፍለጋ ወጥተን የከመርነው። የደን ሹሞቹ ከጎኑ የናስ ምልክት ቸንክረው ተራራውን በአንድ የመቶ አለቃ ስም ጠርተውታል፤ ክምራችንን ግን አላፈረሱትም። እዚያ ሁለታችን ብቻ እንገናኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ያን ቀን ውሃውን ሊያካፍል ለመጣው ሹም የተናገርኩትን አልመልሰውም። ስለ ሌላው ሁሉ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀሁ ሰው ነኝ።

ፕላሲዶ


አላሚቶስ፣ ሜይ 16 ቀን

ለአበልጄ ለፕላሲዶ

ትናንት የሳን ኢሲድሮን ምስል ተሸክመን ማሳውን ዞርን። ቅዱሱ ራሱ ከአቧራው የተነሳ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ዶኛ ኒኮላሳ በመሐረቧ ጠረገችው። የገበሬ ጠባቂ ሆኖ እሱም ውሃ ጠማው።

ስለ ቀብሩ ያሉኝን ሰማሁ። መምጣትዎን ባውቅ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

«አልመልሰውም» ያሉትን ግን አልተወውም። እርስዎ የረሱት ካለ ላስታውስዎ። ሹሙ ኮርቻው ላይ ካርታውን ዘርግቶ በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ ጫነበት። «ይህ ጅረት ሰው ሳይነካው ወዴት ይወርዳል?» አለ። የእኛ ሰው ሁሉ እኔን አየ። የእናንተ ሰው ሁሉ እርስዎን አየ። እኔ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ እርስዎ «ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ» አሉ። ቅንድብዎን እንኳ አላነሱም! ከዚያ በፊት የዓመቱ ውሃ በሙሉ የእኛ ነበር። ሹሙ ግማሹን ቆርጦ ለሳን ሂል ሰጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከሳን ሁዋን ወዲያ በቆሏችን ሲጠወልግ ቆመን እናያለን።

ያን ጊዜ ነው በሕዝብ ፊት «አንተ ውሻ» ያልኩዎ። ውሻ ማለቴ አይቆጨኝም። አንተ ማለቴ ግን ይቆጨኛል። በልጅ ጥምቀት የተዛመደ ሰው አበልጁን አንተ አይልም፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር አመድ ታጎርሰኝ ነበር። ለእሱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእሱ ብቻ።

አያቴ ያን አለት በእንጨት አካፋና በክንዱ ፈልፍሎ ውሃውን ወደ ምሥራቅ መለሰው። ተራራውን እሺ ያሰኘው እሱ ነው። ልጅ የማን ነው፣ የወለደው ወይስ ያሳደገው? እኔ ያሳደገው ነው እላለሁ። እርስዎ ለሹሙ የወለደውን ብቻ ነገሩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ሹም መጥቷል። በመከር ካርታውን አድሶ እንደገና ሊጠይቅ ነው አሉ። የእኛ ወጣቶች በሬ እንደሚያባብል ሰው ይዞሩኛል። «ዶን ቴሌስፎሮ፣ ከድሮ ሰው የቀሩን እርስዎ ነዎት። ከጥንትም ወደ ምሥራቅ ነው የሚወርደው ይበሉልን፤ የዓመቱ ውሃ ተመልሶ የእኛ ይሆናል» ይሉኛል። ምን እንደምል ለእነሱም አልነገርኩም፣ ለእርስዎም አልነግርም።

ወደ ክምሩ እወጣለሁ። አይደሰቱ፣ ልጨርስ። ከክምሩ ወዲህ፣ በእኔ በኩል ነው የምቀመጠው። ሥርዓቱን አይዘነጉትም፤ ከክምሩ አልፎ የሌላውን ወገን የሚረግጥ ሰው ለማኝ ሆኖ ነው የሚረግጠው፣ ባርኔጣውንም ያወልቃል። እኔ አላወልቅም። የጠሩኝ እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይምጡ።

ቴሌስፎሮ

(ወጥተው ሄደዋል፤ ይህን የምጽፈው ፖስታውን ሳላሽግ ነው። ሰሞኑን የበቅሎዋን ልጓም ሰም ሲቀቡ ነው የሰነበቱት። እኔ ነገርኩዎ እንዳይሉ። ኒኮላሳ።)


አላሚቶስ፣ ጁን 27 ቀን

ለፕላሲዶ

ጢስዎን አየሁት።

አላየኝም ብለው ራስዎን እንዳያታልሉ። መላጣው ራስ ላይ የተቀመጠ ሰው የማያየው ነገር የለም። በምሥራቅ ሜዳው እስከ ሰማይ ዳር ድረስ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል፤ በምዕራብ የእናንተ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ወዲያ ሌላ ተራራ፣ ከዚያም ሌላ። በሰሜን ኮርቻው ከነጨፌው እግሬ ሥር ነበር። ሰዎቹ በሩ ላይ ሲሰበሰቡ እንደ ጉንዳን ይታዩኝ ነበር። እርስዎ ደግሞ ከክምሩ በታች፣ በእናንተ በኩል፣ ጥዶቹ በነፋስ ጎብጠው ከሰው ወገብ በላይ ማደግ ከሚያቅታቸው ቦታ። ነፋስ ስላልነበረ ጢስዎ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው።

እኔም አነደድኩ። እዚያ ላይ እንጨት የለምና ከታች በበቅሎዋ፣ ከናዳው ወዲያ በጀርባዬ ጭኜ ነው የወጣሁት። እንጨቱን የቆረጥኩት በፈቃድ ነው ብዬ ለደን ሹሙ እምላለሁ፤ ለእርስዎ አልምልም። የጠቦት ሥጋ ይዣለሁ። የበቆሎ ቂጣ ይዣለሁ። ለሁለት ሰው ነው የያዝኩት።

ጠበቅኩዎ። አሁን ጎንበስ ቀና እያለ ይወጣል አልኩ። በእኔ በኩል ገደሉን በጎን ዞሮ፣ በተናደ ድንጋይ ላይ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። እኔ በዚህ ጉልበቴ እሱን ወጣሁ። ከእርስዎ እስከ ክምሩ ያለው ግን ሣር ነው። የፍየል ግልገል እየቦረቀ የሚወጣው ሣር! ድንጋይ ብወረውር እርስዎ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ ልወረውርም አስቤ ነበር።

ከጎንዎ ሴት ቆማ ነበር። እጇን አነሳች። ሰላምታ ይሁን ፀሐይ መከለሏ አልለየሁም። እኔ አላነሳሁም።

ቀትር ሲሆን ደመናው ከእናንተ ሸለቆ ጠቁሮ መጣ። መላጣው ላይ መብረቅ ሲመጣ ረጅሙ ነገር ሰው ነውና መቀመጥ አይቻልም። ሥጋውን ለቁራ ትቼ ወረድኩ። ጢስዎ እስከ መጨረሻው አልጠፋም ነበር። ጠርተውኝ እንደ ሙሽራ ተቀምጠው ልለመን አሉ! እኔን!

(እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። «ዶን ቴሌስፎሮ፣ ሣሩ እንዲህ ለስላሳ ከሆነ እርስዎ ለምን አልወረዱም?» አልኳቸው። «አንቺ ጻፊ» አሉኝ። «እየጻፍኩ ነው።» «ይህንንስ አትጻፊው።» ጻፍኩት። ኒኮላሳ።)

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ቴሌስፎሮ


ሳን ሂል፣ ጁላይ 9 ቀን

ለአበልጄ ለቴሌስፎሮ

አይጻፉልኝ ብለዋል፤ ይህችን ብቻ ይቀበሉኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባርኔጣዎን አይቼዋለሁ፤ ከክምሩ ጎን ሌላ ትንሽ ክምር መስሎ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር አይፈልጉበት። እጇን ያነሳችው ኤውላልያ ናት። ሰላምታ ነበር።

የጠቦቱ ሥጋ ለቁራ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ። ዶኛ ኒኮላሳ፣ እባክዎ ይህን ሲያነቡለት ፈገግ ማለቱን ይዩልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲወርዱ በኮርቻው በኩል እንዳለፉ የበሩ ሰዎች ነግረውኛል። ያ ዝናብ ሲወርድ ጅረቱ ይሞላል፤ ሲሞላም የአያትዎ ቦይ አይችለውምና ጅረቱ ቦዩን ይዘለዋል። በልጅነታችንም አይተነዋል። እርስዎ ዘንድሮም ቆመው አይተዋል። ቦዩን ዘልሎ ወዴት ሄደ?

መልሱን ለሹሙ ብዬ አይደለም የምፈልገው። ሹሙን ይተዉት፤ የፈለጉትን ይንገሩት፣ እኔ አልቀየምም። እኔ የምፈልገው ያን ቀን እንዳልዋሸሁብዎ ከእርስዎ አፍ መስማት ነው። ለእኔ ብቻ።

ፕላሲዶ


አላሚቶስ፣ ኦገስት 19 ቀን

ለአበልጄ ለፕላሲዶ

እንደምን ሰነበቱ? የዘገየሁት ቁጣዬ እስኪበርድ ነው። እንደ ብረት ድስት ነኝ፤ ቶሎ አልግልም፣ ከጋልኩም ቶሎ አልበርድም።

ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣልን። ቦሎቄው ይተርፋል። በቆሎው ግማሹ ለከብት ነው የሚሆነው። ቀይ በርበሬው ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ጥም ያሳለፈ በርበሬ ያቃጥላል። በከረጢት ልኬልዎታለሁ፤ የቤኒግና ዘር ነው፣ ሌላ ቤት አይገኝም። ኤውላልያ በአሳማ ሥጋ ትሥራልዎ።

ዶኛ ኒኮላሳ ጽሕፈትዎ ተንቀጥቅጧል ትለኛለች። ወረቀቱን ተቀብዬ እኔም አየሁት። ፊደል ባላውቅም መስመር አውቃለሁ፤ መስመርዎ እንደ ተራራ ጫፍ ወጣ ገባ ይላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ አልነበረም። «እርጅና ነው» አልኳት። እርጅና ነው አይደል?

የጠየቁኝን ሰምቻለሁ። ሲነበብልኝ ጆሮዬን አልደፈንኩም። ነገር ግን አበልጄ፣ እንዲህ ያለ ቃል በሰው ብዕር አይላክም። እኔ የምናገረውን ሌላ ሰው ጽፎት፣ መኪና ጭኖት፣ በደብዳቤ አሻግሬ አልከፍልዎም። እንዲህ ያለው አፍ ለአፍ፣ ዓይን ለዓይን ነው። እኔ መጻፍ የማልችል ሰው ነኝ፤ ያለኝ አፌ ብቻ ነውና በአፌ ልንገርዎ።

ለሚመጣው ሳን ሁዋን እወጣለሁ። በዚህ ጊዜ ከክምሩ ወደ እርስዎ ወረድ እላለሁ። ስለ ባርኔጣው ያኔ እናያለን። እግርዎ የማይታዘዝ ከሆነ ከጎባጦቹ ጥዶች ሥር ይቀመጡ፣ እኔ እመጣለሁ። ጠቦቱንም እኔው አመጣለሁ፤ እርስዎ ጨው ይያዙ።

እስከዚያ ይጠብቁኝ።

ቴሌስፎሮ

(ፈገግ ብለው ነበር፣ ስለ ቁራው። ኒኮላሳ።)


ሳን ሂል፣ ኦክቶበር 14 ቀን

ለክርስትና አባቴ ለዶን ቴሌስፎሮ

ቡራኬዎን እየለመንኩ እጅዎን እስማለሁ። ዶኛ ኒኮላሳ፣ ይህን ከማንበብዎ በፊት እባክዎ ያስቀምጧቸው።

አባቴ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በሳን ሚጌል ማግሥት ዐረፈ። ቀብረነዋል። የክርስትና አባቴ፣ ሳልነግርዎ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ነው ያስማለኝ። ሳንባው ነበር። የማዕድኑ አቧራ ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ድንጋይ ደረቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሐኪሙ በጥር ወር ነግሮታል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈልዎ ከሐኪሙ ቤት በተመለሰ በሳምንቱ ነው።

በሳን ሁዋን ዕለት እኔና ባለቤቴ በበቅሎ ጭነን ነው ያወጣነው። ጥዶቹ የሚጎብጡበት ስንደርስ አየሩ ሳሳና ትንፋሽ አጠረው። ከዚያ በላይ አንዲት እርምጃ አልቻለም። ያን ሣር እያየ ተቀመጠ። «ልሂድና ልጥራቸው» አልኩት። «ተይ» አለኝ። «አባባ፣ ቢያውቁ ይወርዳሉ!» ስለው፣ «ቢያውቅማ ይወርዳል። በሐዘኔታ እንዲወርድ ግን አልፈልግም። በገዛ እግሩ ከወረደ ይውረድ» አለኝ። እጄን ያነሳሁት እሱ ሳያየኝ ነው። ይመጡ ዘንድ ነበር። ባርኔጣዎ ሲነሳ ወደ እኛ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያኛው በኩል ጠፋ።

ዝናቡ ሲያባራ እሳቱን እንደገና አስነደደን፤ እስከ ማታ አላጠፋም ነበር።

የመጨረሻ ደብዳቤዎን እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ ዓይኑ ደክሞ ነበር። «ለሚመጣው ሳን ሁዋን» የሚለው ላይ ስደርስ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ሰኔ ድረስ ጠብቀኝ ይለኛል። ተራራ መስዬዋለሁ» አለ። ደግሞ ቆይቶ «ወረድ እላለሁ ያለበትን ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። በርበሬውን ቀመሰ። «አሁንም ፀሐይ ላይ ያበዛዋል» አለ፤ ግን ጨረሰው።

አዲሱ ሹም በኖቬምበር ወደ እናንተ እንደሚመጣ ሰምተናል። ስለዚያ ምንም ልለምንዎ አልጻፍኩም። አባቴም ምንም አላለም። የእኛ ሰዎች «ከእንግዲህ የሚመሰክርልን የለም፣ ውሃው ሄደ» እያሉ ነው፤ እኔ ግን የምጽፍልዎ ስለ ውሃ አይደለም። የጠየቀዎን ነገር መልስ ሳይሰማ ስለሄደ ልቤ አዝኗል። ያውቁ የነበረ ከሆነ ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ ልጁ ነኝ።

ኤውላልያ


አላሚቶስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን

ለክርስትና ልጄ ለኤውላልያ

እግዚአብሔር ይባርክሽ። ልጅም ካለሽ ይባርክልሽ፤ እንዳለሽ እንኳ አላውቅም፣ አየሽ።

ደብዳቤሽ ከመጣ ወር አለፈው። ዶኛ ኒኮላሳ አስቀምጣኝ ነው ያነበበችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ «እንጻፍላት» ብላ ወረቀት አዘጋጀች፤ ሦስት ጊዜ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። እኔ የቃል ችግር ኖሮብኝ አያውቅም ነበር።

ሹሙ ባለፈው ሐሙስ መጣ። ከመንግሥት ደን ቤት የተላከ ወጣት ነው፣ ጆሮዎቹ በብርድ ቀልተው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን፤ መንደሩ በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም። ወጣቶቹ የፊተኛውን ወንበር ለእኔ አቆይተው ትከሻዬ ላይ ብርድ ልብስ ጣሉልኝ። እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም። ሹሙ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና በአስተርጓሚ «ከድሮ ሰዎች ማን አለ?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። «ከኮርቻው የሚነሳው ጅረት ሰው ሳይነካው ወዴት ነው የሚወርደው?»

«ወደ ሳን ሂል» አልኩት።

ቤቱ ዝም አለ። አስተርጓሚው «ምን አሉ?» አለኝ፣ ሰምቶኝ እያለ። «ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳን ሂል ነው። በጎርፍ ጊዜ ቦዩን ዘልሎ ወደዚያው ሲሄድ ዘንድሮም አይቻለሁ። ወደዚህ ያዞረው አያቴ ነው። ሌባ አልለውም፤ ሌባ ነው የሚል ካለ ግን አልጣላውም» አልኩት። ከኋላ አንዱ «ቦሎቄዎንም እዚያው ይዝሩዋ!» አለኝ። ሌላው «አበልጁ ከመቃብር ሆኖ እያናገረው ነው» አለ። ሳቁ። መሳቃቸውን አልጠላሁም፤ ከዝምታው ይሻላል።

ሹሙ ጻፈው። የዛሬው ክፍፍል እንዳለ ይቆያል አለ፤ እስከ ሳን ሁዋን ለእኛ፣ ከዚያ ወዲያ ለእናንተ። እነሱ በሙሉ ይመለስልናል ብለው ነበርና በእኔ አፍ አጡት። በማግሥቱ የቦይ አለቅነቱን ወሰዱብኝ። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እወስድ ነበር። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቆማል። ዶኛ ኒኮላሳን «ለእሱ መጻፍ ካልተውሽ» እያሉ ያስፈራሯታል።

(«ፖስታ ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ብዕሩ የእኔ» ብያቸዋለሁ። ኒኮላሳ።)

ሹሙ ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ። «ሐቀኛ ሰው ነዎት» አለኝ። እንዴት እንዳቃጠለኝ ልነግርሽ አልችልም። ሐቀኛ ያለኝ የማያውቀኝ ሰው ነው። ያ ቃል የእሱ አልነበረም። የአባትሽ ነበር። ለአባትሽ በብዕር አልልክም ብዬ ያቆየሁትን ቃል፣ ስሙን ለማላውቀው ሰው፣ በአስተርጓሚ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ በእርሳስ ጻፈው።

ጠይቀሽኛልና እነግርሻለሁ። አውቅ ነበር። ያኔም፣ አባትሽ ሲናገርም፣ ከዚያም በፊት። አልዋሸም። በአሥራ ሰባቱም ዓመት አንድም ቀን ዋሽቷል ብዬ አምኜ አላውቅም። የተናደድኩት እውነቱን ቀድሞኝ ስለተናገረ ነው፤ ሹሙ ሲጠይቅ እኔ ምን ልል እንደነበር እሱ ያውቅ ነበርና፣ ሳልዋሽ ቀደመኝ። ይህን የገባኝ አሁን ነው። አላዋረደኝም፤ አዳነኝ። እኔም ውሻ አልኩት።

ስለ ሣሩ ብዙ አልልሽም። ቁልቁል ነበር። ቁልቁል ለጉልበቴ እንኳ ቀላል ነው።

አሁን ስሚኝ። በተራራው በኩል ልመጣ አልችልም፤ በረዶው ኮርቻውን ዘግቶታል፣ ዘንድሮ ደግሞ አጥብቆ። የፖስታው መኪና ይህን ደብዳቤ ዛሬ ይወስዳል፣ ሰኞ ደግሞ እኔን ወደ ከተማ ያወርደኛል፤ ከዚያ ወደ እናንተ የሚሄድ ሌላ መኪና አለ አሉ። ቀኑን ሙሉ መላጣውን በቀኜ ይዤ ልዞረው ነው። ከደቡብ ሲታይ ምን እንደሚመስል በዚህ ዕድሜዬ አላውቅም፤ ገደልም ተዳፋትም አይደለም፣ ሌላ ተራራ ነው የሚመስለው ይላሉ። ለመቃብሩ የማመጣው ነገር የለኝም። አበባ አላውቅበትም። ትንሽ እቀመጥ እንደሆነ እንጂ።

ስደርስ ይመሽ ይሆናል። ሳንኳኳ «ማነው?» ብለሽ አትጠይቂኝ። በእናንተ ደጅ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም። ዝም ብለሽ ክፈቺልኝ።